ዘጌንና ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው እንግዳ በመጣበት ቁጥር እነዚህን ይጠየቃል፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ጠማማው እሄዳለሁ።

ዘጌ ደሴት ነው እንዴ?

አይደለም። አብዛኛው ሰው በጀልባ ስለሚሄድ ደሴት ይመስለዋል። ዘጌ ከባሕር ዳር በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ጣና የገባ ልሳነ ምድር ነው። ሦስት ጎኑ ውኃ ነው፣ በአንዱ ጎኑ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ጀልባ የሚፈራ እናት ወይም አባት ካላችሁ አትተዋቸው፤ በመኪናም ይደረሳል።

እዚያ ሄጄ የማየው ምንድን ነው?

ቤቱንና ጓሮውን። ቤቱ የምለው ቤተ ክርስቲያኑን ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ነው፣ ሾጣጣ ጣሪያ አለው፣ ግድግዳው ጭቃና እንጨት ነው። ከውጭ ሲያዩት ትልቅ ጎጆ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን መቅደሱ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ከሱ ብዙም ሳይርቅ አዝዋ ማርያም አለች። ወደ ውስጥ ለሚዘልቅ ደግሞ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ በትረ ማርያም፣ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት አሉ።

ጓሮው ደግሞ ልሳነ ምድሩን ያለበሰው የቡና ጫካ ነው። ብዙ ጎብኚ ሥዕሉን ያያል፣ ሁለት ሦስት ሰልፊ ይነሳል፣ ወደ ጀልባው ይሮጣል። ጓሮውን እንደ መንገድ ብቻ አልፎት ይሄዳል። እኔ ይሄንን ግማሽ ጉብኝት ነው የምለው። ምክንያቱን ከታች እመጣበታለሁ።

በጀልባ ይሻላል በመኪና?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በጀልባ። ከባሕር ዳር ወደብ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከተማው ከኋላ እየደበዘዘ ሲሄድ፣ በደንገል ታንኳ ተቀምጦ መረቡን የሚያወጣ ዓሣ አጥማጅ ሲያልፋችሁ፣ ጉዞው ራሱ የጉብኝቱ ግማሽ ነው። ታንኳው በደንገል ተጠፍሮ የሚሠራ ነው። ከአፍንጫው ቀና ይላል፣ መሐሉ ውኃ ያስገባል፣ ግን አይሰምጥም። ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ስለሚከብድ አዲስ ይሠራል። በዚህ ሙያ የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው።

ርካሽ የምትፈልጉ ከሆነ ጠዋት የሚነሳ የሕዝብ ጀልባ አለ፤ የዘጌ ሰው ለገበያ የሚመላለስበት። ጊዜ ይፈጃል፣ ጨዋታው ግን የትም አይገኝም። በመኪና ከሄዳችሁ መጀመሪያ የምታገኙት አፋፍ የምትባለውን የዘጌ ከተማ ነው። ከዚያ በጫካው ውስጥ በእግር ትቀጥላላችሁ። በጀልባ ሄዶ በየብስ መመለስም ይቻላል፤ ጊዜ ላለው ሰው እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው።

መቼ ልሂድ?

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ጫካው ገና ለምለም ነው። ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ቡናው መቅላት ይጀምራል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ዳገቱ ላይ የሚያንሸራትት ሸክላ አፈር አለ። የከተማ ሽክ ጫማ አድርጎ መጥቶ በቂጡ የወረደ ዘመድ አለኝ። ስሙን አልጠራም።

ከወሩ ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ላይ ተነሱ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፣ ጥልቁ ቦታው ግን 14 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ጠዋት መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ አጫጭርና ሹል ማዕበል ያነሳል። አደጋ ነው ለማለት ሳይሆን፣ ልብሳችሁ ረጥቦ፣ ሆዳችሁ ተገላብጦ እንዳትመለሱ ነው። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ግን አትሳፈሩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት የሚሆነው ስንት ሰዓት ነው?

ይሄን ጥያቄ እንደ ሙዚየም አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ነው ብዙ የሚጉላላው። ዑራ የሚቀደስበት ገዳም ነው። ቅዳሴ ላይ ለጉብኝት አይከፈትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑ ጾም መሆን አለመሆኑን እዩ።

ጾም ባልሆነ ቀን ቅዳሴው በጠዋት ያልቃል፤ 3 ሰዓት አካባቢ ብትደርሱ ችግር የለም። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ፣ ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ይገባና እስከ 9 ሰዓት ድረስ ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ጠዋት ሄዶ ጠዋት መጨረስ ነው ብልሃቱ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ሐሳብ የለም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ምንጊዜም ቅዳሴው በጠዋት ነው።

የኪዳነ ምሕረት ወርኃዊ በዓል በየወሩ በ16 ነው። ዓመታዊው የካቲት 16 ነው። ለመሳለም ከሆነ የመጣችሁት በዚያ ቀን ሂዱ፣ ሐይቁ ራሱ በጀልባ ይሞላል። ሥዕሉን ረጋ ብላችሁ ልታዩ ከሆነ ግን በዚያ ቀን አትሂዱ።

ስንት ያስወጣኛል?

ዋጋው በየጊዜው ስለሚቀያየር ቁጥር ጽፌ ላሳስታችሁ አልፈልግም። የሚከፈለው ነገር ግን አይቀየርም፦ ጀልባ፣ አስጎብኚ፣ የገዳሙ መግቢያ። መግቢያ በየቤተ ክርስቲያኑ ለየብቻ ነው፤ ዑራ የከፈለ ሰው አዝዋ ላይ እንደገና ይከፍላል። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋም ዋጋው ይለያያል። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ። ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም አብሮ ይጠፋል።

ጀልባ ስትከራዩ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዋጋው ለሰው ነው ለጀልባው? ስንት ቦታ ይቆማል? ስንት ሰዓት ይጠብቃል? አንድ ጊዜ ሦስተኛውን ሳልጠይቅ ከእህቴ ልጆች ጋር ሄድኩ። ከዑራ ስንወርድ ባለ ጀልባው፣ «ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ነበር የተባባልነው፣ አራት ሆነ» ብሎ ሒሳቡን እጥፍ አደረገው። አልተባባልንም ነበር። ግን ጀልባው የሱ ነው፣ ውኃው ደግሞ መሐል ላይ ነው። ከፈልኩ።

ሰላሙ እንዴትስ ነው?

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት የጎብኚው ቁጥር ወርዷል፣ ሁኔታውም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። የወር በፊት ወሬ አይጠቅማችሁም። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ያረፋችሁበት ሆቴልና ወደብ ላይ ያሉትን ባለ ጀልባዎች ጠይቁ። በሚሄዱበት ቀን ይሄዳሉ፣ በማይሄዱበት ቀን አይሄዱም። ከሁሉም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከሄዳችሁም ብርሃን ሳለ ተመለሱ።

ሴት መግባት ትችላለች?

ዑራና አዝዋ አዎ፣ ያለ ምንም ችግር። ግራ የሚያጋባው ጣና ላይ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት መኖራቸው ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የወንድ ብቻ ናቸው። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችንም ታስገባለች። ስለዚህ ባለ ጀልባው «አራት ገዳም አሳያችኋለሁ» ሲል የትኞቹን እንደሆነ ጠይቁት። ባልና ሚስት ሄደው ሚስት ጀልባ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ አይቻለሁ።

ሌላው በጆሮ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት በቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ወደ ውስጥ አትገባም። የሚፈትሽ የለም፤ የህሊና ጉዳይ ነው። በዚያን ቀን የመጣች ሴት ቅጥሩ ውጭ በጫካው ብትዞር ብዙ አይቀርባትም። እንዲያውም ለጓሮው ጊዜ ታገኛለች።

ምን ልልበስ? እምነቴ ሌላ ከሆነስ?

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ። ሴት ነጠላ ወይም ሻሽ ትያዝ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍና ሳር አለ፣ ቁንጫ ደግሞ ሃይማኖት አይለይም። ካልሲ አድርጉ።

እምነታችሁን ማንም አይጠይቃችሁም። እስላምም ይመጣል፣ ፕሮቴስታንትም ይመጣል፣ ፈረንጅም ይመጣል። ወደ መቅደሱ ውስጥ ግን ካህን ካልሆነ ማንም አይገባም፤ ይሄ ለኦርቶዶክሱም ነው።

ሥዕሉ በጣም ብዙ ነው። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ የቤቱን አሠራር ያዙ። ሦስት ቀለበት ነው። የውጩ ቅኔ ማሕሌት ነው፣ ከበሮና ጸናጽል የሚሰማበት። ሁለተኛው ቅድስት ነው። መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የቆመው መቅደስ ነው። ሥዕሉ ያለው በዚህ በመቅደሱ ግድግዳ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው፤ እናንተ ቅድስት ውስጥ እየዞራችሁ ነው የምታዩት። በቀጥታ ጭቃው ላይም አልተሳለም። የጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ አንዳንድ ቦታ የጨርቁ ጠርዝ ተነስቶ ታገኙታላችሁ። ገዳሙ ሲመሠረት 14ኛው መቶ ዘመን ነው ይባላል፤ ሥዕሎቹ ግን ከዚያ በጣም ያንሳሉ፤ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ነው የሚገመቱት።

ሁሉንም እንይ ካላችሁ ምንም ሳታዩ ትወጣላችሁ። አንድ ታሪክ ምረጡ። የኔ ምርጫ በላዔ ሰብእ ነው፣ ከኪዳነ ምሕረት ጋር የሚሄደውም እሱ ነው። 78 ሰው የበላ ሰው ነው። በመጨረሻ አንድ የቆሰለ ለማኝ ውኃ ሲለምነው እንቢ አለ። ለማኙ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውኃ በሌላ ወገን ተመዘነች። እመቤታችን ጥላዋን ጣል አደረገችበትና ውኃዋ አመዘነች። ሚዛኑን ፈልጉ፣ አጋንንቱ በአንዱ በኩል ሲጎትቱ ታያላችሁ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ በዚህ ጀምሩለት፤ ሌላውን ራሱ ይጠይቃችኋል።

አንድ ቁልፍ ልስጣችሁ። ደጉ ሰው ሁልጊዜ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ነው የሚሳለው። ክፉው ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ አለው። ይሄን ካወቃችሁ ታሪኩን ባታውቁትም ማን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንበሳና ነብር የከበቡት ሽማግሌ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው፤ በአንድ እግር የቆሙት አቡነ ተክለ ሃይማኖት። ፈረሰኛው ጊዮርጊስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

ስትወጡ ቀና በሉ። ጉልላቱ ላይ የተሰካካው ነጭ ነገር የሰጎን እንቁላል ነው። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አትነቅልም ይባላል፤ የሚጸልይ ሰውም ሐሳቡ እንዲሁ አይባክን ለማለት ነው የሚሰቀለው።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ያለ ፍላሽ አዎ። ብርሃኑ ቀለሙን ያጠፋዋል። ለቪዲዮ ለየብቻ ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ፣ ጠይቁ። መነኩሴ ከማንሳታችሁ በፊት «አባ፣ ይፍቀዱልኝ» በሉ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት የሚያሳያችሁ የገዳሙ ሰው ነው፤ ገጽ የሚገልጠውም እሱ ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ።

እሺ፣ ጓሮው ምን ልዩ ነገር አለው? ጫካ አይደለም እንዴ?

ጫካ ይመስላል። ግን ዘጌ ውስጥ አንድ ሰዓት ስትሄዱ የጎደለ ነገር እንዳለ ይሰማችኋል። በሬ የለም። ላም የለም። ማረሻ የለም። ጎጃም ውስጥ ሆኖ ሞፈርና ቀንበር የማይታይበት አገር! አንድ የቡሬ ጓደኛዬ ይሄን ሲሰማ፣ «ታዲያ ሰው ምን ይበላል?» ነው ያለኝ።

ትውፊቱ እንዲህ ይላል። አቡነ በትረ ማርያም ከሸዋ ምድር መጥተው ዘጌ ላይ ሰፈሩ። ሰው ምድሪቱን ሳያርስ፣ ከብት ሳያረባ የሚኖርበት ነገር እንዲሰጠው ለመኑ። ከበትራቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀሉ። እነዚያ ሦስቱ ዛሬም የዘጌ መተዳደሪያ ናቸው። በምላሹ ዘጌ አይታረስም፣ ከብት አይገባበትም ተብሎ ተገዘተ። ሰው ቡናውንና ጌሾውን ይሸጣል፣ ጤፉን ከገበያ ይገዛል። ለቡሬው ልጅ የመለስኩለትም ይሄንኑ ነው።

በትሩን እመኑት አትመኑት፣ ግዝቱ የሠራውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ማረሻ ካልገባ የዳገቱ አፈር አይታጠብም። ከብት ካልገባ ችግኝ አይበላም። ቡና ጥላ ስለሚወድ ትልልቆቹን ዛፎች መቁረጥ ባለቤቱን ይጎዳል። ስለዚህ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው፣ ሾላው ቆሞ ቀረ። በጣና ዙሪያ ያለው ደን አብዛኛው አልቆ እርሻ ሲሆን ዘጌ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው በዚህ ነው። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር መካነ ሕይወት ዝርዝር ውስጥ ሲገባ እንዲህ ያሉ የገዳም ደኖች ከሀብቶቹ አንዱ ናቸው።

ስትሄዱ ከሥር ወደ ላይ ተመልከቱ። ከሥር ቡናና ጌሾ፣ መሐል ላይ ሎሚ፣ ማንጎና ፓፓያ፣ ከላይ ትልልቁ ዛፍ። ይሄ ማንም ያልነካው ዱር አይደለም፤ ሰው በየቀኑ የሚያርመው፣ የሚገርዘው፣ ወሰኑን የሚያውቀው ጓሮ ነው። እዚህ እዚህ የድንጋይ ካብ ታያላችሁ፤ የእገሌ ቡና የሚያበቃው፣ የእገሊት የሚጀምረው እዚያ ነው። ስለዚህ እሸት ቡናውን እየቀነጠሳችሁ አትሂዱ። የሰው ነው። የማገዶና የጣውላ ፍላጎት ደግሞ ይሄን ጓሮ እየተፈታተነው ነው፤ አልፎ አልፎ አዲስ ጉቶ ስታዩ ይገባችኋል።

የዘጌ ቡና ልግዛ? እንዴት ነው የምለየው?

ግዙ። ከጥላ ሥር ያደገ፣ ማዳበሪያ ያልነካው ቡና ነው፣ ከገዛችሁም ከባለቤቷ እጅ ነው። አብዛኛው የሚሸጠው ጀንፈል ነው፤ ከነገለፈቱ የደረቀ። ጀንፈል ስትገዙ አንድ እፍኝ አንሡና ጆሯችሁ አጠገብ አንቀጫቅጩት። በደንብ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል። ዝም ካለ እርጥበት አለው፣ ቤት ስትደርሱ ይሻግታል። መውቀጥ የሚሰለቻችሁ ከሆናችሁ የተፈለፈለውን ግዙ፣ ትንሽ ይወደዳል።

መንገድ ላይ ቤታቸው ጋብዘው የሚያፈሉ እናቶችም አሉ። ሦስቱን ጠጡ። አቦሉን ጠጥቶ ብድግ ማለት ዘጌ ላይ ነውር ነው፤ ባለ ጀልባችሁ ይጠብቅ፣ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተነጋግራችኋል አይደል?

መንገድ ላይ አሮጌ ብራና ወይም መስቀል ቢሸጡልኝስ?

ከጀልባው ማረፊያ እስከ ዑራ ያለው ዳገት ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፣ ግራና ቀኙ ሱቅ ነው። ፍየል ቆዳ ላይ የተሳለ ሥዕል፣ ትንንሽ የደንገል ታንኳ፣ ጌጣጌጥ ይሸጣል። እነዚህን በደስታ ግዙ። አዲስ መሆናቸውም ያስታውቃል፣ ሻጩም አይደብቅም።

ጎንበስ ብሎ «የጥንት ነው፣ የሦስት መቶ ዓመት ነው» የሚላችሁ ካለ ግን ሁለት ነገር ነው። ወይ በጭስና በቡና ውኃ ያስረጁት የትናንት ሥራ ነው፣ ተታልላችኋል። ወይ እውነት የጥንት ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። አየር ማረፊያ ላይ ፈረንጁ እንግዳችሁ ሻንጣውን ሲያስፈትሽ ማላብ የሚጀምረው እናንተ ናችሁ። ሳቅ ብላችሁ እለፉ።

ሐይቁ ውስጥ ብዋኝስ?

ይቅርባችሁ። የሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ አለበት። ሌላው የወባ ነገር ነው፤ በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ አለ። በቀን ደርሶ መልስ ብዙ አያሳስብም፣ ባሕር ዳር የምታድሩ ከሆነ ግን አጎበር ያለው ክፍል ምረጡ።

በዚያው ቀን ሌላ ምን ልጨምር?

ከዘጌ ስትመለሱ እንጦስ ኢየሱስንና ክብራን ገብርኤልን መጨመር ይቻላል። ከዚያ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ አለ። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ጉማሬ ብቅ ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን «ያውና!» የምትባሉት አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ ነው። የወንድ ብቻው ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የነገሥታቱ አጽም ያረፈበት፣ እና እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ሐይቁ መሐል ናቸው። ሙሉ ቀን ይፈልጋሉ፣ ከዘጌ ጋር አትደባልቁ።

የጃንሆይ ቤተ መንግሥትስ? ይገባል?

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለው ነው። ውስጡ አይገባም፣ ከቅጥሩ ውጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ሰው የሚወጣው ለቤቱ ብሎ ሳይሆን ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በሜዳው ላይ ሲጠማዘዝ ለማየት ነው። ለማምሻ ጥሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የተዘጋ በር ለማየት ዘጌን የሚተው ሰው አይገባኝም።

ያን ሁሉ ደክሜ ደርሼ ተቆልፎ ባገኘውስ?

ያጋጥማል። ቁልፉ ያለው ቄሰ ገበዙ ጋ ነው። እሳቸው ቤታቸው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ለቅሶ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ቡናቸው ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። አስጎብኚው አንድ ልጅ ይልካል። ልጁ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። በር አትደብድቡ፣ ስልክ ላይ አትጩኹ።

ባለፈው ታኅሣሥ እኔን ያጋጠመኝ ይሄው ነው። ከቅጥሩ ወጣ ብዬ አንዲት አሮጊት ደጅ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። ሰሌን ላይ ቡና አስጥተዋል። ገሚሱ ገና ቀይ ነው፣ ገሚሱ ጠቁሯል። በባዶ እግራቸው መሐሉ እየሄዱ በጣቶቻቸው እየገለበጡ ጥሬውን ወደ ፀሐዩ፣ የደረቀውን ወደ ዳር ያወጣሉ። እግራቸው ነው የሚለየው፣ ወደ ታች እንኳን አያዩም። ጦጣ ሲመጣ «እሽ!» ብለው ድንጋይ ያነሳሉ፣ አይወረውሩትም። «እሜቴ፣ ቄሰ ገበዙ ይቆያሉ?» ብዬ ጠየቅኩ። «እሱ ቡናውን ሳይለቅም አይመጣም» አሉኝና ጥላ ወዳለበት ጠጋ እንድል በእጃቸው አሳዩኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። መጡ፣ እጃቸው በቡና ጭማቂ ተነክሯል፣ ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ከፈቱልን።